ተረግጦ የጠበበው ከናቴራ

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 9 ቀን 1999 ዓ.ም.

አማቴን አላህ ይይላት። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፤ እዚህ ግን እኔና ወረቀቱ ብቻ ስለሆንን አልልም።

እህቴ ከኩዌት ያመጣችልኝን ስስ የሱፍ ከናቴራ አበላሸችብኝ። የማዳሟ ልጅ ውጭ አገር ሄዶ ተራራ ሲወጣ ይለብሰው የነበረ ነው። እኔም ለግብርና ቢሮ ሥራ በእግሬ ወደ አባይ በረሃ ስወርድ ላቤን ይመጥልኝ ነበር፤ ተመልሼ ደጋውን ስወጣ ደግሞ ያሞቀኛል። ሳምንት ሙሉ ብለብሰው እንኳ አይሸትም። እንዲህ ያለ ልብስ በዕድሜዬ አላየሁም።

ዛሬ ከቢሮ ስገባ ከናቴራውን በሙቅ ውሃ ነክራ በእግሯ ስትረግጠው ደረስኩባት። ባና የሚባለውን የጠጉር ብርድ ልብስ የሚሠራ ሰው ልጅ ናት። የበግ ጠጉር መሆኑን ከሚስቴ ስትሰማ፣ ባና እንደሚረገጠው ረግጣ ልታወፍረው ተነሳች። ተኮማትሮ፣ እንደ ኮርቻ ግላስ ደድሮ፣ ለሕፃን እንኳ የማይሆን ሆኗል።

"ምን አደረጉት?" አልኳት።

"ወንፊት የመሰለ ነገር ለብሰህ ብርድ ይግደልህ እንዴ? ጠጉር ሳይረገጥ ይለበሳል? ይልቅ አመስግነኝ!" አለችኝ።

ሚስቴ ፊቷን አዙራ ሳቀች። እሷንም ታዝቤያታለሁ።

ነገ ያንን የናይሎን ሸሚዜን ለብሼ በረሃ እወርዳለሁ። ሁለት ቀን ሳልቆይ ፍየል ፍየል መሽተቴ አይቀርም። ስመለስ ገላዬንም አልታጠብም፣ ሸሚዜንም አላወልቅም። እራት ሲቀርብ ከአማቴ ጎን ነው የምቀመጠው።