ራን በገበያ ቀን

ሰኞ

ስምንተኛ «ለ»ን ሊወስዱብኝ ነው። ርዕሰ መምህሩ አቶ ተስፋዬ በእረፍት ሰዓት ቢሮ አስጠርተው ነገሩኝ፤ ያውም ፈገግ እያሉ። «መምህርት አበራሽ፣ አንቺ ለሕፃናቱ ነው የምትሆኚው። አንደኛ ክፍል ብትይዢልን» አሉኝ። ጥፋቴ ምንድነው? መጽሐፉን መጨረስ ሲገባኝ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ሁለት ክፍለ ጊዜ ማጥፋቴ። ቃሉ ራን ነው።

ታዲያ ምን ላድርግ! ልጆቹ ራን ማለት መሮጥ ነው ብለው ሸምድደዋል። ምንባቡ ላይ «ሴትየዋ ሆቴሉን ትሮጣለች» ብለው ተረጎሙልኝ። ይህን ይዘው ለክልል ፈተና ሊቀመጡ? መጽሐፉን ዘጋሁና ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመርኩ። አፍንጫ ሲፈስ ራን። ሞተር ሲሠራ ራን። ስኳር ሲያልቅ፣ ሰው ለምርጫ ሲወዳደር፣ መንገዱ ከሆሳዕና ተነሥቶ እስከ ዱራሜ ሲዘልቅ፣ ሰው ሱቁን ሲያስተዳድር፣ ሁሉም ራን። «ቲቸር፣ እንግሊዞች ቃል አልቆባቸው ነው?» አለችኝ አንዷ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

አቶ ተስፋዬ ግን አልሳቁም። እኔም ደሜ ፈላ። «ሱፐርቫይዘሩ ይምጡና ይዩኝ፤ ካልቻልኩ ያኔ ውሰዱት!» አልኩ። አፌን! ወዲያው ስልክ ደወሉ። ረቡዕ ይመጣሉ።

ማክሰኞ

ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስመጣ ጋሪው ላይ ነው ትዝ ያለኝ። ረቡዕ ገበያ ነው! ዱራሜ ተወልጄ፣ እዚህ ሌሞ አምስት ዓመት አስተምሬ፣ የገበያ ቀን ይጥፋኝ? በገበያ ቀን ከክፍሉ ሲሶውም አይመጣም። ሱፐርቫይዘሩ ደግሞ የሚመጡት በዚያው ቀን ነው፤ ከሆሳዕና መኪና እንደልብ የሚገኘው ለገበያ ነዋ።

«ነገ እንዳትቀሩብኝ» ብዬ ለመንኳቸው። ወለል ወለሉን ያያሉ። ዘይቱና ደወል ከተደወለ በኋላ በር ላይ ጠበቀችኝ። ዘይቱና ማለት ደብተሯ ላይ አንድ ስህተት የሌለባት፣ ክፍል ውስጥ ግን ዓመቱን ሙሉ አፏን ከፍታ የማታውቅ ልጅ ናት። «ቲቸር፣ እናቴ ብቻዋን ናት። ነገ አልችልም» አለችኝ። ልቆጣ ነበር፤ ፊቷን ሳየው ተውኩት።

ተመልሼ ገባሁና «የምትቀሩ ሁሉ፣ ሥራ ቦታችሁ ላይ አንድ አንድ ራን ፈልጋችሁ ጠብቁኝ» አልኳቸው። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ተስፋ ስቆርጥ ትእዛዝ ይበዛብኛል።

ረቡዕ

ከሃምሳ ሁለት አሥራ ሰባት።

ሱፐርቫይዘሩ አቶ ሸምሱ ከኋላ ተቀመጡ፤ አጠገባቸው አቶ ተስፋዬ። «ሌሎቹስ?» «ገበያ ናቸው።» አንድ ነገር ጻፉ። እጠይቃለሁ፣ ዝም። ደግሜ እጠይቃለሁ፣ ወደ ኋላ ዞረው እንግዳውን ያያሉ። ጠመኔው ተሰበረ። አለቀልኝ ብዬ ነበር።

ከዚያ፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ «አቶ ሸምሱ፣ ክፍሌ ያለው ገበያ ውስጥ ነው። እንሂድ?» አልኩ። አቶ ተስፋዬ ዓይናቸው ሊወጣ ደረሰ። አቶ ሸምሱ ሰዓታቸውን አዩ፣ ብዕራቸውን ኪሳቸው ከተቱና ተነሡ።

ገበያው አሥር ደቂቃ ነው። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ ተማሪዬ ደሳለኝ ፊቱ በዱቄት ነጥቷል። ሞተሩን በጩኸት እየበለጠ ወፍጮው በናፍጣ እንደሚሠራ በእንግሊዝኛ ነገረን። ሽንኩርት የምትሸጠዋ ወርቅነሽ ባዶ ጆንያዋን አራግፋ አሳየችንና «ዊ ራን አውት!» አለች። ጉንፋን የያዘው አንዱ ምንም ሳይናገር አፍንጫውን ጠቆመ። አቶ ሸምሱ ሳቁ። አየኋቸው፣ ሳቁ!

ዘይቱና ከእናቷ ጋር ላስቲክ ጥላ ሥር ጨው፣ ሳሙና፣ ባትሪ ይሸጣሉ። ስታየን ተነሣች። ሻሿን አስተካከለች። እኔ በልቤ፣ በይ የኔ ልጅ፣ በይ እላለሁ።

«ማይ ማዘር ራንስ ዚስ ሾፕ» አለች። ትንፋሿን ሳበችና ቀጠለች፣ «ኦን ማርኬት ዴይስ፣ አይ ራን ኢት ዊዝ ኸር።»

እናቷ ደነገጡ። «ምን አለች? ሰደበችኝ እንዴ?»

«ኧረ የለም! ‹ይህን ሱቅ የምታስተዳድረው እናቴ ናት፤ በገበያ ቀን እኔም አብሬያት አስተዳድራለሁ› ነው ያለችው» አልኳቸው።

«አስተዳዳሪ? እኔ?» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ተቀመጡ። አቶ ሸምሱ በሀዲይኛ አንድ ነገር ነገሯቸው፤ የእኔ ሀዲይኛ ግማሹን ብቻ ነው የያዘው፤ «ትምህርት» የሚለውን ሰማሁ። እኔ አለቀስኩ። አቧራ ነው አልኳቸው እንጂ አልቅሻለሁ።

ሐሙስ

ወሬ የለም። አቶ ተስፋዬ በአጠገቤ ሲያልፉ ስልካቸውን እያዩ ነው። መጥፎ ምልክት ይሆን?

ክፍሉ ግን ሞልቷል፣ ጫጫታው ጣሪያ ሊያነሣ ነው። አንዷ ጨርቅ ሲታጠብ ቀለሙ ሲለቅ ምን ይባላል ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። መዝገበ ቃላት አየሁ። ራን! አሥራ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር ይህን አላውቅም ነበር።

ዓርብ

የእኔ ነው! ስምንተኛ «ለ» የእኔ ነው!

አቶ ተስፋዬ ግምገማውን መምህራን ክፍል ሰው ሁሉ ባለበት አነበቡት። አቶ ሸምሱ «ሌሎች መምህራን ሊያዩት የሚገባ ክፍለ ጊዜ» ብለው ጽፈዋል። አቶ ተስፋዬ አንብበው ሲጨርሱ «አንቺ ሴትዮ፣ ለካ ጉድ ነሽ» አሉኝ። ይቅርታ መሆኗ ነው፤ ተቀብያለሁ።

ስወጣ የዘይቱና እናት በር ላይ ቆመዋል። ልብሳቸው የክት ነው። አማርኛቸውን መንገድ ላይ ሲያዘጋጁት የመጡ ይመስላሉ።

«ቲቸር፣ ከዛሬ ወዲያ ረቡዕ ጠዋት ትማራለች። ገበያው እስኪሞቅ ሱቁን ብቻዬን ራን አደርገዋለሁ።»

እጃቸውን ይዤ መልቀቅ አቃተኝ። የሌሎቹ ሠላሳ አራት ልጆች ወላጆች ገና ናቸው፤ የሚመጣው ረቡዕ እንዴት እንደሚሆን እንጃ። ዘይቱና ግን ትመጣለች።