የታምሩ እንግሊዝኛ በቡናው አልጋ ዙሪያ

ውድ እህቴ ዲቦራ፣ ከነአሞጽ፣ ከነልጆችሽ እንደምን ሰነበታችሁ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የሐዋሳ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ጎረቤቴን ንጋቷን፣ ያቺን በባለቤቴ በታምሩ ቀብር ቀን እጅሽን ይዛ የዋለችውን፣ ታይፎይዱ ለቀቃት። በጣም ከስታለች። ግን ትናንት በዱላ ተደግፋ ደጅ ወጥታ የሰው ዶሮ ስትሰድብ ሰማኋት፤ ድናለች ማለት ነው። ትልቁ ልጇ ቲቶ ቴፒ ሥራ ገብቷል። ትንሿ ሆሳዕና ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ፈተና አለባት።

ስትደውዪ የማላወራሽ ጠልቼሽ አይደለም፣ አፌ እየደረቀብኝ ነው። ሰው ሁሉ አልቅሺ ይውጣልሽ ይለኛል። አይመጣም። ሲበሉ እበላለሁ፣ ሲጸልዩ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ቤቱን ሽጪና እኛ ጋ ነይ ያልሽኝንም ገና አላሰብኩትም፤ ሐሳቡ ራሱ ወደ ውስጥ አልገባልኝም።

ታምሩ ከትምህርት ቤት አስተምሮ ሲመለስ የሰፈሩን ልጆች ጓሯችን በቡናው ማድረቂያ አልጋ ዙሪያ ሲያስተምር አይተሻል። እሱ እንግሊዝኛ በነጻ ያስተምራቸው፣ እነሱ ቡናችንን ያገላብጡ ነበር። የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ጮክ ብሎ ይጠራል። ተራ ወሬ ከሆነ ማገላበጥ ነው፣ ጥያቄ ከሆነ እጅ ማውጣት፣ ትእዛዝ ከሆነ ቀጥ ብሎ መቆም፣ የመገረም ከሆነ ማጨብጨብ። የተሳሳተ ይሳቅበታል። እሱ ካረፈ ወዲህ ግን ወላጆቹ ለቅሶ ቤት አይጮህም ብለው ልጆቹን ከለከሉ። ለእኔ ክብር ብለው ነው። ቡናው ሳይገለበጥ መሻገት ጀመረ። ሽታው እየመጣብኝ እኔም ከበርጩማዬ አልተነሳሁም።

ሰኞ ሆሳዕና ብቻዋን መጣች። የሻገተውን እየለቀመች ታገላብጥ ጀመር። ቆይታ፣ «እትዬ፣ ይሄ በእንግሊዝኛ ክሎዝ የሚሉት የዓረፍተ ነገር ክፍል አልገባኝም፤ የትኛው ነው ብቻውን የሚቆመው?» አለችኝ። ታምሩ ሲል የሰማሁትን ነገርኳት፤ ዝናቡ ሲያባራ ብዬ ዝም ብል ምን ትይኛለሽ ስላት፣ «ሲያባራ ምን?» አለች። እሱ ጥገኛው ነው፣ ሌላ ይጠብቃል አልኳት። ቡናውን እናሰጣለን ብልሽስ ስላት፣ ያማ አለቀ አለች። ብቻውን የሚቆመው ያ ነው አልኳት። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ታዲያ አሁን ማን ይጥራልን?» አለች።

የኔ ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ላይ እንደቀረ ታውቂያለሽ። ያን ሁሉ ዓመት ሲጠራ ስሰማ ግን ጆሮዬ ይዞታል። ጠራሁላት። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። በማግስቱ ጓደኞቿን አስከትላ መጣች። አንዷ ጥያቄውን ትእዛዝ መስሏት ተገትራ ቀረች። ሊስቁ ሲሉ ሁሉም አፋቸውን ይዘው እኔን አዩኝ። ሳቁ፣ ትእዛዝ ነው አልኳቸው። ይኸኔ ሁሉም ቀጥ ብለው ቆሙልሽ!

ስለዚህ እህት ዓለም፣ ቤቱን አልሸጥም። በርትቼ እንዳይመስልሽ። እነዚህ ልጆች እስኪፈተኑ የሚጠራላቸው ይፈልጋሉ፣ ቡናውም እጅ ይፈልጋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም።

አሞጽን ስለ ጸሎቱ አመስግኚልኝ። አልአዛርን ጉንጩን ሳሚልኝ፣ ሳራን ደግሞ ጸጉሯን አትቁረጪ በያት። የአሞጽን እናት ጉልበት ሳሚልኝ።

ደብዳቤውን ልዘጋ ስል ንጋቷ በዱላዋ መጣች። «አንቺ ነሽ እንዴ? ተኝቼ ጥሪውን ስሰማ እኮ ታምሩ መስሎኝ ነው የተነሳሁት» ብላ አጥሩን ይዛ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ደመናው ከብዶ ስለነበር የሸራውን ጫፍ አቀበልኳት፣ ቡናውን አለበስነው። ስትሄድ ዞር ብላ፣ «ነገም ጥሪ» አለችኝ።

እህትሽ ሰሎሜ
ሸዋ ቤንች፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.