ጽዋው እኛ ቤት አደረ

ይድረስ ለገብርዬ፣

ለጤናህ እንደምን ነህ ብዬ እንዳልጀምር ነገሩ አይሆንም። ስለዚህ የኔን ልንገርህ፤ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ሙት ዓመትህን አውጥተን ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱም ወጣ። እኔ ግን አሁንም በር ስዘጋ፣ ገብርዬ ገብቷል ወይ ብዬ ወደ ደጅ አያለሁ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ጣራው በመኝታው በኩል ያፈሳል። አንተ ነገ አስተካክለዋለሁ እያልክ ስንት ክረምት ያሳለፍከው ነውና፣ ብትኖርም ያው ነበር። አውሮፕላኖቹም እንደ ድሮው በአናታችን ላይ ይወርዳሉ። የተለወጠው ማኅበራችን ነው፤ የጻፍኩልህም ለሱ ነው።

ስንጀምረው ቦሌ ገና እርሻ ነበር። እኔና አንተ ከትግራይ መጥተን እዚህ ዘመድ የሚባል አልነበረንም። እማማ ጫልቱ ደግሞ ሲያርሱት የኖሩትን መሬት የከተማ ሰው ሲከበው ግራ ገብቷቸው ነበር። በየወሩ በሃያ ሰባት የመድኃኔዓለምን ጽዋ አብረን ስንጠጣ፣ ሳንወለድ ተዛመድን። እኔ ስወልድ ገንፎ ያገነፉልኝ እሳቸው ናቸው፤ የሳቸው ጎተራ ሲቃጠል እህል ያዋጣው ማኅበሩ ነው። አንተንም ሙሴያችን ብለው የማኅበሩ አለቃ አደረጉህ። የንስሐ አባታችን ጸሎት ሲጀምሩ ግን ቀድሞ የሚያንቀላፋው ሙሴው ነበር።

አብዮቱ ከመጣ በኋላ መጀመሪያ ከበሮውን ተውነው፤ ቀጥሎ እልልታውን። አንተ እያለህ በሹክሹክታም ቢሆን ሰው ይመጣ ነበር። ካንተ ወዲህ አንድ ባንድ ቀሩ። ቀበሌው ስብሰባውን በኛው ቀን እያደረገ የቀረውን ሰው ስም ይጠራል። አልፈርድባቸውም። ብቻ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ አንገታቸውን ሲደፉ ያናድደኛል፤ እኔ ቀበሌ ነኝ እንዴ?

ባለፈው ሃያ ሰባት ተራው የኔ ነበር። ጠላውን ጠምቄ፣ ድፎውን ደፍቼ ጠበቅኩ። የመጡት የንስሐ አባታችንና እማማ ጫልቱ ብቻ ናቸው። ያ ሁሉ ዳቦ ሳይነካ ሲቀር ብታይ ኖሮ ታለቅስ ነበር። ጸሎቱ አልቆ ጽዋውን የሚወስደው ቀጣይ ተረኛ ማነው ሲባል፣ እማማ ጫልቱ ሆኑ። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሳሙትና መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት። ልጄን ለብሔራዊ ውትድርና እየፈለጉብኝ ነው፣ ቤቴ ሰው ሲሰበሰብ ካዩ ይዘውብኝ ይሄዳሉ አሉኝ፤ እያለቀሱ።

ጽዋው እኛ ቤት አደረ። ሕግህን ታውቀዋለህ፤ ጽዋ ደግሶ ከጨረሰው ቤት በዕለቱ ወጥቶ ተረኛው ቤት ይገባል። ያን የበረዶ ቀን፣ ነገ ይደርሳል ስልህ በካፖርትህ ሸፍነህ ይዘኸው የወጣህ ሰው ነህ። በማግስቱ መደርደሪያው ላይ ሳየው ለሁለተኛ ጊዜ የቀበርኩህ መሰለኝ። ብቻዬን ቀረሁ አልኩ፤ እንደዚያን ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ታዲያ ምን አደረግኩ መሰለህ? ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ጽዋውን አቅፌ በግቢው በር ወጣሁ። እስከ መድኃኔዓለም ደጅ ሄጄ ተሳለምኩና ተመለስኩ። ከዚያ በገዛ ቤቴ በር እንደ አዲስ ተረኛ ገባሁ። ሰው ቢያየኝ አበደች ይል ነበር። ጽዋ ሲገባ ደግሞ ተቀባይ እልል ማለት አለበት፤ ተቀባይዋም እኔው ነኝ። ስንት ዘመን የዋጥኩትን እልልታ ለቀቅኩት።

ሰፈሩ ጭጭ አለ። ፈራሁ። ጽዋውን ላስቀምጥ ዞር ስል፣ ከአጥሩ ማዶ አንዲት ሴት እልል ብላ መለሰችልኝ፤ አጠር አድርጋ፣ አፏን በእጇ ከልላ መሰለኝ። የእማማ ጫልቱ ድምፅ አይደለም። ከማኅበሩ ከቀሩት አንዷ ትሆናለች። ማን እንደሆነች አላየሁም፤ አልጠየቅኩምም።

እንግዲህ ገብርዬ፣ የሚመጣው ሃያ ሰባትም ተራው የኔ ነው፤ የሚቀጥለውም፣ የሚረከበኝ እስኪገኝ ድረስ። በየወሩ ይዤው ወጥቼ ይዤው እገባለሁ። ያንተን ዋንጫ ከሁሉ አስቀድሜ እቀዳለሁ፤ ስምህንም ከነማንቀላፋትህ አነሳዋለሁ። ከጎኑ ደግሞ ለዚያች ሴት አንድ ዋንጫ አጥቤ አስቀምጬላታለሁ።

ያንተው ለተብርሃን