የአሥራ ሰባተኛው ምሰሶ ጨው

ኦክቶበር 9፣ ሐሙስ

ከጊዛ በአውቶቡስ። የሌንሶቹ ሣጥን ጭኔ ላይ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ «ምንድን ነው፣ ኬክ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ማስረዳቱ ደከመኝ።

የባሕር ዳሩ የኤሌክትሪክ ጣቢያ እንዳለ ነው። ነፋስ፣ አሸዋ፣ የባሕር ሽታ። ትቼው የሄድኩት ሌዘር ላይ በጣት ስም መጻፍ ይቻል ነበር። ግማሽ ቀን በመወልወል አለቀ።

ዓም ገሪብ ጥጡን አመጡ። ጣቢያው ውስጥ ትልቅም ትንሽም «ዓም» ነው የሚላቸው፣ አጎቴ እንደማለት። ሠላሳ አንድ ዓመት የከፍተኛ መስመር ምሰሶ ሲወጡ ኖረዋል። በየሁለት ሳምንቱ ከምሰሶ 12 እስከ 17 እየወጡ፣ ለመለኪያ ብቻ የተሰቀሉትን፣ ኤሌክትሪክ የሌለባቸውን ሲኒዎች (ሽቦውን ከብረቱ የሚለዩትን የሸክላ ሳህኖች ዓይነት) በእርጥብ ጥጥ ይጠርጋሉ። ጥጡን ቁጥር በተጻፈበት ፌስታል ያስረክቡኛል። አጥቤ ጨዉን እለካለሁ። ቁጥሩ ለጥገና ቢሮ ይሄዳል፣ መስመሩ መቼ እንደሚታጠብ የሚወሰነው በዚያ ነው።

የኔ ሌዘር ያንኑ ሥራ ከመሬት ሊሠራ ነው። ሠላሳ ሜትር ርቄ ሲኒው ላይ አነጣጥራለሁ። ጠቅ... ትንሽ ብልጭታ። ብልጭታው ውስጥ የጨዉ ቢጫ ምን ያህል እንደደመቀ መሣሪያው ይነግረኛል። ማንም አይወጣም። እስኪረጋገጥ ድረስ ግን ከጥጡ ጋር መመሳከር አለበት።

«ባሽሙሃንዲሳ» አሉኝ። መሐንዲስነቴን እንዲህ ነው የሚጠሩት። «ይሄ ባትሪሽ ዳቦዬን ሊቀማኝ ነው የመጣው?»

«ጉልበትዎን ሊያሳርፍ ነው እንጂ።»

«ጉልበቴን ማን አማልሽ?» ብለው ሳቁ። ሚስታቸው የላኩልኝን ዓሣና ሩዝ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

ኦክቶበር 14

የመጀመሪያው ማመሳከሪያ። ከ12 እስከ 14 ደህና፣ ተቀራራቢ። 15 ተራራቀ። 16 ባሰ። 17... ጥጡ አራት ይላል፣ ሌዘሩ ሃያ ስምንት።

ሃያ ስምንት? ያ እውነት ቢሆንማ ሲኒዎቹ ጨው ተሸክመዋል ማለት ነው። ጤዛ ሲያገኛቸው ኤሌክትሪኩ በእርጥቡ ጨው ላይ ሾልኮ ወደ ብረቱ ይዘላል። ከተማው ይጨልማል።

አይ። የሆነ ነገር አበላሽቻለሁ።

ኦክቶበር 15

ለዶክተር ሰፍወት ደወልኩ። የዶክትሬት አማካሪዬ ናቸው፣ ሌዘር ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው።

«ሻሂንዳ፣ ጥጥ አይዋሽም። ስልሳ ዓመት ሙሉ ሲለካ የኖረው በጥጥ ነው።»

«አውቃለሁ ዶክተር፣ ግን...»

«እስከ ዓመቱ መጨረሻ ካልገጠመልሽ ርዕስ እንቀይራለን።»

ርዕስ እንቀይራለን! አራት ዓመቴን። ሻይ ቤቱ ጋ ቆሜ ትንሽ አለቀስኩ። ከዚያ ስህተቴን ልፈልግ ገባሁ።

ኦክቶበር 19

ሌንሱን ቀየርኩ። ያው ነው።

ኦክቶበር 22

ርቀቱን ወደ ሃያ ሜትር አወረድኩ። ያው። እርጥበቱን መዘገብኩ፣ በጠዋትም በቀትርም ሞከርኩ። ያው! ፀሐዩ አንገቴን ላጠው።

ዋጊህ መጥቶ አየኝ። የፈረቃው መሐንዲስ ነው፣ ነገር ሁሉ ቀልድ ነው ለሱ። «ከምሰሶው ጋር ተጣላችሁ እንዴ? አስታርቃችሁ?» አለኝ።

«ሂድልኝ።»

ሄደ። ተመልሶ ሁለት ጣዕሚያ፣ የባቄላ ጥብስ፣ በዳቦ አመጣልኝ።

ኦክቶበር 23

አዲስ ጥጥ። 17 አሁንም አራት። ሌዘሩ ሠላሳ አንድ።

ኖቬምበር 2፣ እሑድ

ጊዛ፣ ላቦራቶሪ። ለምን ቀደም ብዬ አላሰብኩትም? አሥር አዳዲስ ሲኒዎች ወሰድኩ። መጠኑን ራሴ የማውቀውን ጨው ቀባኋቸው። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሰቅዬ ከሠላሳ ሜትር ለካሁ።

አሥሩም ልክ። አሥሩም! ሃያ የቀባሁት ሃያ አንድ አለ፣ አምስት የቀባሁት አምስት።

ሌዘሩ አልተሳሳተም። ታዲያ ማን ነው የተሳሳተው?

ኖቬምበር 4

የመለኪያ ደብተሬን ገልጬ የጥጡን ቁጥሮች ከሜይ ጀምሮ በአንድ ገጽ ላይ ጻፍኳቸው። አራት፣ አራት፣ አራት ተኩል፣ አራት... ስድስቱም ምሰሶ፣ ከወር ወር። 12 ከተራራው ሥር ነው። 17 ከባሕሩ ዳር ነው፣ ማዕበሉ ይተፋበታል። እንዴት እኩል ጨው ይይዛሉ?

ከሜይ በፊት ያለውን አየሁ። ያኔ እኩል አልነበሩም።

ያሰብኩትን እዚህ እንኳን መጻፍ አልፈልግም።

ኖቬምበር 6፣ ሐሙስ

ዛሬ የጥጥ ቀን ነበር። ዓም ገሪብ በጠዋት ስድስቱንም ፌስታል አስረከቡኝ። «17 ላይ ዛሬ ነፋሱ ሊጥለኝ ነበር» አሉ።

የሌዘሩን ማነጣጠሪያ ቴሌስኮፕ ይዤ ብቻዬን 17 ሥር ሄድኩ። የመለኪያ ሲኒዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። ጥጥ የነካው ሲኒ ያበራል፣ የተጠረገበት መስመር ይታያል። እነዚህ ግን ከላይ እስከ ታች ግራጫ። በሁለቱ መሃል የሸረሪት ድር። አሮጌ ድር፣ አቧራ የጠጣ።

ማንም አልነካቸውም። ዛሬም፣ ከወራት ወዲህም።

ቁጭ አልኩ አሸዋው ላይ። ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? ልክ ነበርኩ እኮ።

ኖቬምበር 9፣ እሑድ

ለዓም ገሪብ ነገርኳቸው። ከጣቢያው አጥር ጀርባ፣ አሮጌ ሲኒዎች የተደረደሩበት ግንብ ጥግ። እዚያ ስንደርስ ሲኒዎቹ ላይ የጥጥ መስመር አይቼ ገባኝ። ለካ በጥጥ የሚጠርጉት እነዚህን ነው። ነፋስ የማይደርስባቸው፣ በእጅ የሚደረስባቸው።

«ዓም ገሪብ፣ 17 ላይ የሸረሪት ድር አየሁ።»

ሲጋራ አወጡ፣ አልለኮሱትም።

«ሜይ ላይ ነው» አሉ በመጨረሻ። «17 ላይ። እግሬ ከዳኝ። ቀበቶው ያዘኝ እንጂ አልቆልኝ ነበር። ተንጠልጥዬ... ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። ማንም አላየኝም። ራሴን ጎትቼ ወረድኩ። ከዚያ ወዲህ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ስደርስ ጉልበቴ እንዲህ ይላል።» እጃቸውን አንቀጠቀጡልኝ።

«ለምን አልተናገሩም?»

«ምን ብዬ? ገሪብ ፈራ ብዬ? እዚህ ያለውን ወንድ ሁሉ ምሰሶ መውጣት ያስተማርኩት እኔ ነኝ!»

«ቁጥሩ ለጥገና ቢሮ ነው የሚሄደው። መስመሩ ንጹሕ ነው ብለው እጥበቱን ወደ ጃንዋሪ ገፍተውታል እኮ።»

ይሄን አያውቁም ነበር። ፊታቸው ላይ አየሁት። ጥጡ ለኔ «የትምህርት ቤት ሥራ» ብቻ የሚውል ይመስላቸው ነበር።

«እስከ ሐሙስ ስጪኝ» አሉ። «እኔው ራሴ ልንገራቸው። ከሌላ ሰው አፍ አይስሙት።»

እሺ አልኳቸው።

ኖቬምበር 10

እሺ ማለቴ ልክ ነው? አራት ቀን ነው። አየሩ ደረቅ ነው። ጤዛ የለም። ግን ልክ ነው?

ኖቬምበር 12፣ ረቡዕ

ልክ አልነበረም።

ንጋት ላይ ጉም ከባሕሩ ገባ። ከእንግዳ ማረፊያው መስኮት አጥሩ አይታይም ነበር። ጫማዬን ሳላስር ወደ ጣቢያው ሮጥኩ። መንገድ ላይ እያለሁ ሰማሁት፣ እንደ ጅራፍ። አንድ ጊዜ። ከዚያ የመንገዱ መብራት በሙሉ ጠፋ።

17።

ዋጊህ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ በሁለት ስልክ ይጮሃል። ዛሬ አይቀልድም። «ሆስፒታሉ ጄኔሬተር አስነስቷል? አስነስቷል ወይ በለኝ!» አስነስቷል። ግን አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። አሥራ አንድ ደቂቃ ነርሶች ለጨቅላ ሕፃናት አየር በእጅ ሲነፉ ነበር አሉ። ሁሉም ደህና ናቸው። ሁሉም ደህና ናቸው... ስንት ጊዜ እንዳስደገምኩት።

አራት ሰዓት ሙሉ ከተማው ያለ መብራት ዋለ።

ዓም ገሪብ ጠፍተው ዋሉ።

ኖቬምበር 13፣ ሐሙስ

በጠዋት ወደ ጣቢያው ኃላፊ ቢሮ ሄድኩ። ዓም ገሪብ ቀድመውኛል። የበዓል ጃኬታቸውን ለብሰው፣ ቆመው። ሁሉንም ተናግረው ጨርሰዋል። የሜይን፣ ግንቡን፣ ጥጡን። የኔን ስም አላነሱም።

መውጣት እችል ነበር። እግሬ ወደ በሩ ዞሮም ነበር።

«እኔም ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ አውቅ ነበር» አልኩ።

ኃላፊው አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየ። ለሳቸው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፣ ምሰሶ መውጣት ቀርቶ የዋናው በር ጥበቃ። ለኔ የመግቢያ ፈቃዴ ለሁለት ሳምንት ታገደ። የሚገባኝ ነው።

ኮሪደሩ ላይ «ዓም ገሪብ» አልኩ። አልፈውኝ ሄዱ።

ኖቬምበር 25

ጊዛ። መስመሩ በሙሉ ታጠበ ብሎ ዋጊህ ጻፈልኝ። ከ17 የወረደው ውኃ የባሕር ውኃ ይመስል ነበር አለ።

ዶክተር ሰፍወት ጠሩኝ። «ጥጥ አይዋሽም ብዬሽ ነበር» አሉ። «ይቅርታ።» ይቅርታ ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ቀጥለው ግን «ከሜይ እስከ ኖቬምበር ያለውን ከጽሑፍሽ አውጪው። አዲስ ንጹሕ መረጃ ሰብስበሽ ከዚያ ጀምሪ» አሉ።

«አላወጣም። ማመሳከሪያው ለምን እንደተበላሸ፣ ባወቅሁ ጊዜም ስድስት ቀን እንደዘገየሁ ይጻፋል።»

«ፈታኞቹ ይበሉሻል።»

«ይብሉኝ።»

«ፊደል አትሳሳቺ እንግዲያው» አሉኝ።

ኖቬምበር 30፣ እሑድ

ተመለስኩ። ዋናው በር ላይ ዓም ገሪብ። የጥበቃ ኮፍያው ሰፍቷቸዋል። መታወቂያዬን ተቀብለው እንደማያውቁኝ ግራና ቀኝ አገላብጠው አዩት።

«ግቢ» አሉ።

ገባሁ።

ዲሴምበር 7

ብቻዬን አልቻልኩም። ነፋሱ ሲኒውን ያወዛውዛል፣ ጨረሩ ይስታል። ከሃያ ተኩስ አሥራ ሁለቱ ባዶ። ማነጣጠር እኮ ሲኒው ወዴት እንደሚሄድ ቀድሞ ማወቅ ነው... ይህን ማን ያውቃል?

ወደ በሩ ሄድኩ።

«ይርዱኝ።»

«ጥበቃ ነኝ።»

«ፈረቃዎ በስምንት ሰዓት ያልቃል። ጠይቄያለሁ፣ ኃላፊውም ፈቅዷል።»

«አዘንሽልኝ?»

«አላዘንኩም። እየሳትኩ ነው። ከሃያ አሥራ ሁለት።»

«አሥራ ሁለት!» አሉ፣ ጥርሳቸው ታየ። «ዓይንሽን ሸጠሽ ነው ዶክትሬት የምትገዢው?»

መጡ። መከላከያ መነጽሩን አድርጌላቸው ቴሌስኮፑን አሳየኋቸው። ብዙ ቆዩ። «አራተኛው ጠርዙ ተሸርፏል» አሉ። «ይሄን እኔ ነኝ የሰቀልኩት።» ከዚያ መያዣውን ያዙ፣ ጠበቁ፣ ጠበቁ... «አሁን!»

ከሃያው ተኩስ አንዱን ብቻ ሳቱ። እሱንም የኔ ጣት ስለዘገየ ነው አሉ።

ዲሴምበር 16

ሚና የሚባል የአርባ ዓመት ሰው ነው አሁን የሚወጣው። ጥንቁቅ፣ ዝምተኛ። የኔን ቁጥር አልነገርኩትም፣ የሱንም ጥጥ ከማጠቤ በፊት የኔን ጽፌ በፖስታ አሸግኩ። ዋጊህ ምስክር ሆኖ ፖስታውን ቀደደው።

12፦ አምስት፣ አምስት። 14፦ ዘጠኝ፣ ስምንት ተኩል። 17፦ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት።

ዋጊህ «ታረቃችሁ!» ብሎ ጮኸ። እኔ ቁጥሮቹን ደጋግሜ አየኋቸው።

ጠዋት ጥጡ ሲወሰድ ዓም ገሪብ ውጭ ነበሩ። አንገታቸውን ሰቅለው 17 ላይ ያለውን ሚናን ይሰድባሉ። «ግራ እግርህን! ግራ ማለት አታውቅም? ሁለቱንም መንጠቆ ሳታስር እጅህን አትልቀቅ!»

ጃንዋሪ 14፣ ረቡዕ

ሦስት ቀን ሙሉ ከባሕሩ ነፈሰ። ዛሬ ረፋዱ ላይ ስልክ። ጥገና ቢሮ ነው።

«17 ስንት ነው?»

«ሃያ ሁለት። ከትናንት ወዲህ አራት ጨምሯል።»

«እሺ። ከሰዓት እናጥባለን።»

ዘጋው።

ስልኩን ይዤ ቀረሁ። ጥጡስ አላለኝም። ማን ወጣ አላለኝም። ነፋሱ ውስጥ ሰው አልላከም። ቁጥር ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፣ አመነኝ።

ሮጬ ለዓም ገሪብ ነገርኳቸው። እየጠጡ ያሉትን ሻይ አስቀምጠው አዩኝ። እልል የሚሉልኝ መስሎኝ ነበር።

«ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ከተማው ቢጨልም የምትጠየቂው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ።»

«እንቅልፍ ይነሳል።»

«አውቃለሁ።»

ወንበር ሳቡልኝ። «እንግዲያው እንኳን ደህና መጣሽ፣ ሻሂንዳ» አሉ። በስሜ ሲጠሩኝ የመጀመሪያቸው ነው።

አልተቀመጥኩም። ተመልሼ ሌንሱን ወለወልኩ፣ 17ን ድጋሚ ለካሁ። ሃያ ሁለት።