የብረት ሰዎቹና የአባዬ እጅ

ማክሰኞ፣ ጁን 3፤ ከሥራ መልስ

ዛሬም ሶፋው ላይ ሁለቱ፤ አባዬና ልጄ ሐያት። ያው ተከታታይ ፊልም። የብረት ሰዎቹ የሰው ማጅራት ላይ ሽቦ ይሰካሉ፤ ከዚያ በኋላ ገላው የነሱ ነው። አባዬ እንግሊዝኛ አይሰሙም። ሐያት በተሰባበረ አማርኛ ታስረዳቸዋለች፦ የተያዘ ሰው አይስቅም፣ አይቆጣም፣ እጁ አይንቀጠቀጥም። አባዬ የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን አነሱና፣ እኔማ ነፃ ነኝ አሉ። ሳቅን።

እኔን ግን ቀፈፈኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ሆስፒታሉ ጭንቅላታቸው ውስጥ ሽቦ ሊያስገባ ነው። ለሚያንቀጠቅጣቸው በሽታ፣ ለፓርኪንሰኑ። ባትሪው ደረታቸው ላይ፣ ከቆዳ ሥር። ደብተርዬ፣ ይሄ ፊልም አሁን ይታያል?

ረቡዕ፣ ጁን 11

አባዬ ጠየቁኝ። ሽቦው ከገባ ወዲያ ሶላት ስቆም ኒያው፣ የልቤ ሐሳብ፣ የማን ነው? የርስዎ ነዋ፣ አልኩ አፌን ሞልቼ። ምን አውቄ! የስምምነት ወረቀቱ ላይ ፈረሙ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 2

ቀዶ ጥገናው በደህና አልፏል፣ አልሐምዱሊላህ። ዛሬ የደረታቸው ማሽን ተከፈተ። ነርሷ ስክሪኑን ነካ ነካ አደረገች፤ እጃቸው ጸጥ አለ። አለቀስኩ። ሐያት ወንበሯን ሸሸት አደረገች።

እሑድ፣ ጁላይ 13

ሻይ ሳይደፉ ይጠጣሉ። ግን ቀልድ የለም። ሾርባው ጨው አነሰው ብሎ ጩኸት የለም። ጓደኛቸው ጋሼ ሰይድ ከሌላ ሰፈር፣ ከሰንሻይን ዌስት ድረስ መጥተው ቢተርቧቸው፣ ዝም። ብሉ ስል ይበላሉ። ተኙ ስል ይተኛሉ።

እውነቱን ልንገርሽ? ቤቱ ሰላም ሆነ። ስንት ዓመት ስንጨቃጨቅ! ደስ ብሎኛል። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 16

ክሊኒክ። አስተርጓሚ እናምጣ ሲሉኝ፣ እኔ አለሁ ብያለሁ። እንደ ሁልጊዜው። የአባትን ገመና ለባዳ ማን ይሰጣል? ነርሷ፣ የተለወጠ ነገር አለ ወይ አለች። አባዬ ቀስ ብለው፦ «እጄንስ መለሳችሁልኝ። እኔን የት አደረጋችሁኝ?»

ነርሷ እኔን ታያለች። ደህና ናቸው፣ ትንሽ ይደክማቸዋል፣ አልኩ። ጻፈችው። ማሽኑ ባለበት ይቀጥል ተባለ።

ወደ ቤታችን፣ ወደ ኬንሲንግተን ስንመለስ፣ ባቡር ውስጥ፣ ሁሌ በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ሐያት በአማርኛ፦ «ማሚ፣ አባባ እንደዛ አላለም።» እሳቸው እንዲሰሙ ነው። ሰሙ። አልተቆጡም። መስኮቱን ያያሉ።

ሐሙስ፣ ጁላይ 17፤ ጠዋት

ደወልኩ። አዲስ ቀጠሮ ቡክ አደረግሁ። አስተርጓሚ ጠየቅሁ፤ የማያውቀን ሰው። እኔ ውጭ እቀመጣለሁ። ማሽኑ ሊስተካከል ይችል ይሆናል አሉ። ይሆናል።

ደብተርዬ፣ ፈርቻለሁ። አባዬ አይመለሱ ይሆን ብዬ ብቻ አይደለም። ተመልሰው፣ ያን ዕለት ምን ብለሽ ተናገርሽልኝ ያሉኝ እንደሆነስ?