ፉሪን በዝናብ ለጋሽ ወልዴ

ሰኞ
ምን አስለፈለፈኝ! ትናንት የሕንጻችን እድር ስለ ጋሽ ወልዴ ሽኝት ተሰብስቦ ነበር። እድሩን ከተመሠረተ ጀምሮ የመሩት እሳቸው ናቸው። አሁን ሐዋሳ ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ነው፤ እሁድ እንሸኛቸዋለን። ስጦታው እንደተለመደው የግድግዳ ሰዓት ይሁን ተባለ። እኔ ብድግ ብዬ፣ "ጋሼ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ቆመው የሚያዩት ፉሪን ነው፤ ተራራውን ልሳልላቸው" አልኩ። የታች ፎቅ ጎረቤቴ እትዬ ብዙነሽ፣ የእድሩ ገንዘብ ያዥ፣ "አንቺ የምትቀቢው ግድግዳ አይደል እንዴ?" አሉኝ። ሳሎናቸውን መቼ እንደምቀባላቸው ሊጠይቁኝ አስበው ነበር አሉ!

ለቡ ኮንዶሚኒየም ከገባን ጀምሮ ቀለም ተሸክሜ ስወጣ የሚያየኝ ብዙ ነው፤ ምን እንደምሠራበት የጠየቀኝ የለም። ስምምነቱ ይሄ ነው፦ ስዕሉ እሁድ ካልደረሰ ሰዓቱ ይገዛል።

ይደርሳል።

ማክሰኞ
ፉሪ የለም። ከማዶ ከሚሠራው ፎቅ ብረት ጀርባ ያለው ነጭ ጉም ብቻ ነው። ባለቤቴ ግርማ፣ "ስልክሽ ላይ ፎቶው አለ አይደል? ከሱ ገልብጪ" አለኝ። የጥቅምት ፎቶ ነው፤ ተራራው ካርቶን መስሏል። አልገለብጥም።

እትዬ ብዙነሽ ትእዛዝ ይዘው መጡ። ፀሐይ ይኑርበት። ከሥሩም አደይ አበባ።
"እትዬ፣ በነሐሴ አደይ ከየት ይመጣል?"
"ስዕል አይደል? ምን ቸገረሽ!"

ሸራውን ወጥሬ መደቡን ቡናማ ቀባሁት። ጠበቅኩ። ጨለመ።

ረቡዕ
መጣ! ከምሳ በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል መጀመሪያ ትከሻው ወጣ። ግርጌው ጥቁር አረንጓዴ። ወገቡ ላይ ደመና፣ ከደመናው በላይ ምንም። በስተግራ ዝናቡ እንደ ግራጫ መጋረጃ አዘንብሎ ወርዷል። ለእኔ ተራራው ይሄ ነው፤ ዳር ዳሩ የማይታወቀው።

ቁጭ ሳልል ሠራሁ። ሰማያዊውን ከቀይ አፈር ቀለም ጋር ሳዋህደው፣ ጥቁር ሳልነካ፣ የምፈልገው ግራጫ ወጣልኝ። ብቻዬን እልል አልኩ። ምስር ወጡ አረረ። ይረር።

ሐሙስ
አይደርቅም። የዘይት ቀለም በነሐሴ! ከሰል አያይዤ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩት፤ ጠቃጠቆ አመድ አረፈበት። የፀጉር ማድረቂያ ያዝኩለት፤ መብራት ሄደ። የቀለም ማቅጠኛው የአኳራጁ ሽታ ቤቱን ስለሞላው ግርማ መስኮት ከፍቶ አደረና ሲያስነጥስ ዋለ። "ተራራሽ ጉንፋን አስያዘኝ" ይላል። አላዘንኩለትም።

ዓርብ
በጣቴ ጫፍ ነካሁት፤ አልያዘኝም! ደረጃው ላይ እትዬ ብዙነሽን አግኝቼ "ደረቀ!" ብዬ ጮህኩ። ላዩ ብቻ ነው፤ ውስጡ ገና ቅቤ ነው። እሱን ግን አልነገርኳቸውም። ደስታው ነዋ!

ቅዳሜ
ፍሬም ፍለጋ ላፍቶ ወርጄ ስመለስ፣ ሳሎናችን ጠረጴዛ ላይ በወርቃማ የስጦታ ወረቀት ጥብቅ ተደርጎ የተጠቀለለ ነገር አየሁ። ሪባን ሁሉ አለው። እትዬ ብዙነሽ አጠገቡ ቆመው ፈገግ ብለዋል። "ስጦታ እርቃኑን አይሰጥም ብዬ ነው። ከመሳያው ላይ ያወረደልኝ ግርማ ነው።"

ጮህኩ። ወረቀቱን ስንልጠው ሰማዩ አብሮ ተላጠ። የቀረው ላይ ወርቁ ተለጥፎበታል። እትዬ ደነገጡ። "ደረቀ አላልሽም እንዴ! ወይኔ ልጄ! ሰዓቱን ሮጬ ልግዛ?"

"አይገዛም!"

መስኮቱን ከፈትኩ። ፉሪ እዚያው ነው፣ እየዘነበበት። ሰማዩን በቢላ ፍቄ አነሳሁና እንደ አዲስ ጀመርኩ። እትዬ ወንበር ስበው ወርቁን በወረንጦ አንድ በአንድ ይለቅሙልኝ ጀመር። የአደይን ነገር አላነሱም። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ውጭ እያዩ፣ "ያቺን ደመና ዝቅ አታደርጊያትም? ወርዳለች እኮ" አሉ። እውነት ነው፤ ወርዳለች። ዝቅ አደረግኳት።

እሁድ
ስዕሉ ያለ መጠቅለያ ገባ። እኔና እትዬ ጠርዝ ጠርዙን ይዘን ደረጃውን ስንወርድ እሳቸው ከፊት፣ "ዞር በሉ! እርጥብ ነው! ልጆቻችሁን ያዙ!" ይላሉ። የጋራ አዳራሹ፣ ኮሚናሉ ውስጥ እድርተኛው ሁሉ ተቀምጧል። አንዱ፣ "አላለቀም እንዴ? ጫፉስ?" አለ። ሌላው፣ "ሰዓቱ ይሻል ነበር" ብሎ ሹክ ሲል ሰማሁት።

ጋሽ ወልዴ መነጽራቸውን አጥልቀው ተጠጉ። ከዚያ፣ "ይሄ ዝናብ ወደ እኛ እየመጣ ነው ወይስ እያለፈ?" አሉ።

መልስ ሳልሰጥ እትዬ ብዙነሽ፣ "እየመጣ ነው እንጂ!" አሉ። "ኧረ እያለፈ ነው፣ ግራውን እዩት!" አለ ያ ጫፉን የጠየቀው ሰውዬ። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ምግቡ እስኪቀዘቅዝ ተከራከሩ።

ጋሼ የሚሄዱት ነገ ጠዋት በልጃቸው መኪና ነው። የስዕሉ ሰማይ አሁንም እጅ ይይዛል። "የኋላ ወንበር ላይ ብቻውን ይሂድ" አሉ። ልጃቸው፣ "አባዬ፣ ሻንጣዎቹንስ የት ላድርጋቸው?" ስትላቸው ዞር ብለው እንኳ አላዩአትም።

"ሻንጣዎቹ በአውቶቡስ ይምጡ።"