የጥቅምቱ አሥር ቀን

ውድ እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለፈው እሁድ በስልክ «ዘንድሮስ ትመጫለሽ?» ስትዪኝ «አለቃዬ ፈቃድ ከለከለችኝ» ብዬሻለሁ። ውሸቴን ነው። አልከለከለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። አምናም እንደዚሁ ነበር። ይህን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ፣ ድምፅሽን ስሰማ ምላሴ እየተሳሰረ ስላስቸገረኝ ነው ወረቀት ያነሳሁት። ደግሞ በስልክ ብነግርሽ ቶሎ ብለሽ «ይሁን፣ ግድ የለም» ትዪኛለሽ። እኔ ግድ እንዲኖርሽ ፈልጌያለሁ።

ስለ ኑሯችን ስትጠይቂኝ ሁሌ «ደህና ነን» እያልኩ ነው የማልፈው። ደህና ነን። ግን ደክሞናል። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ከሚሠራበት ቀን የማይሠራበት ይበልጣል። እኔ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ቀኑን ሙሉ አንሶላ አጥፋለሁ። አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን ጫፍ «ዝምተኛዋ» ብዬ ስም ያወጣሁላት የሥራ ባልደረባዬ እንይዛለን። እሷ ወደ እኔ ትመጣለች፣ እኔ ወደ እሷ እሄዳለሁ፤ እንዲህ በቀን መቶ ጊዜ እየተገናኘን ስንት ልጅ እንዳላት እንኳ አላውቅም። ማታ ቤት ስገባ ትከሻዬ የራሴ አይመስለኝም። ባለቤቴም እንደምታውቂው ጂኦግራፊ ሲያስተምር የኖረ ሰው፣ እዚህ ሰው አገር የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ፤ በር ላይ ቁልፉንና ትንሹን ልጅ ተቀባብለን እንለያያለን። አንድ ቀን ትልቋ ልጃችን «እናንተ ግን ተጣልታችኋል እንዴ?» አለችን። አልተጣላንም። ለመጣላትም ጊዜ የለን።

እሱ ግን አንድ ነገር አልተወም። ቅዳሜ ጠዋት ሁለታችንም ቤት ስለምንሆን፣ ጠረጴዛውን ወልውሎ ካርታ ይዘረጋል። በአምስት ዓመት ውስጥ ባሕሩን አይተናል፣ ተራራውን ወጥተናል፣ በባቡር ድንበር ተሻግረናል፤ ሁሉንም በጣቱ። «መምህር፣ ዛሬ የት ደረስን?» ስለው «ዝም በይ፣ ሹፌር ማነጋገር ክልክል ነው» ይለኛል። ልጆቹ ይስቃሉ። እውነቱን ለመናገር ከእነዚህ ቅዳሜዎች ውጪ አራታችንም አንድ ላይ የሳቅንበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ዘንድሮ አንድ ቅዳሜ ካርታውን አጠፈና «ባሕሩ የትም አይሄድም። መጀመሪያ እህትሽ ዘንድ እንሂድ» አለ። የራሱን ሦስት ሳምንት ፈቃድ አስፈቀደ። የእኔንም ቅጽ ሞልቶ «የቀረው ፊርማሽ ብቻ ነው» ብሎ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተልኝ። ሥራ ቦታ ወስጄ ሣጥኔ ውስጥ፣ ከትርፍ ጫማዬ ሥር ደበቅኩት። ዛሬ ነገ እያልኩ ወር አለፈ። ሲጠይቀኝ ለእሱም «ከለከለችኝ» አልኩት። ውሸት እንደ ውሃ ነው፤ እያሳሳቀ ይወስዳል።

አለቃዬ በእሱ አውቶቡስ እንደምትሳፈር ረስቼው ነበር። ማክሰኞ ዕለት ስትወርድ ጠብቆ «ባለቤቴ እህቷን ካየች አምስት ዓመቷ ነው፤ እንደው ጥቂት ቀን እንኳ ቢገኝላት» ብሎ ይለምናታል። እሷም ግራ ገብቷት «ምንም አልጠየቀችኝም እኮ» ትለዋለች።

ቤት ሲመጣ ድንች እየላጥኩ ነበር። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና ቢላዋውን ከእጄ ወሰደ።

«አለቃሽን አገኘኋት» አለኝ።

የላጥኩትን ድንች ውሃ ውስጥ ከተትኩ።

«መሄድ ካልፈለግሽ አልፈልግም ማለት ነው። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ስለፋ ዝም ብለሽ ታዪኛለሽ?»

«መሄድ እፈልጋለሁ።»

«ታዲያ ምን ያዘሽ?»

«እማዬ የሌለችበት ቤት ምን ብዬ ልግባ?» አልኩት። ከዚያ ወዲያ እንባዬ አላስወራኝም። እሱም ሌላ ነገር አልጠየቀኝም፤ የቀረውን ድንች ላጠው።

እታለም፣ ላንቺም ያልነገርኩሽ ይህን ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት እማዬ ያረፈች ቀን፣ ስልክሽ የደረሰኝ ሥራ ላይ ነው። ስልኩን ኪሴ ከተትኩና ወደ አንሶላዬ ተመለስኩ። የሥራ ሰዓቴ እስኪያልቅ አጠፍኩ። ለዝምተኛዋ ትንፍሽ አላልኩም። ከዚያ ወዲህ እዚያ ያለውን ቤታችንን ሳስብ እማዬ ከነመነጽሯ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ነው የማያት። ካልሄድኩ እዚያው ትቆይልኛለች እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖርኩ።

ሁለተኛው ፍርሃቴ አንቺ ነሽ። አልጋ ላይ በዋለችበት ጊዜ ሁሉ አገላብጠሽ፣ አጥበሽ፣ አጉርሰሽ ያስታመምሻት ብቻሽን ነሽ። እኔ እሁድ እሁድ «እንዴት አደረች?» ባይ ነበርኩ። ያን ሁሉ ፊትሽ ላይ ማየት ፈራሁ።

ረቡዕ ጠዋት ቅጹን ፈርሜ ለአለቃዬ ሰጠኋት። ባለቤቴ የያዘውን ሦስት ሳምንት እኛ ክፍል ሌሎች ቀድመው ወስደውታል። «ያለኝ በጥቅምት አሥር ቀን ብቻ ነው» አለችኝ። ተቀበልኩ። እሱ ደግሞ ቀኑን ልቀይር ቢል አልፈቀዱለትም። ስለዚህ ልጆቹን ይዤ የምመጣው ብቻዬን ነው። ያቀደው እሱ፣ የሚቀረውም እሱ ሆነ። ስነግረው «እንግዲያው እኔ በካርታው እከተላችኋለሁ» አለኝ። ሊያስቀኝ ብሎ ነው፤ ቅር እንዳለው ግን ከድምፁ አውቄዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ትልቋ ነገሩን ሰምታ ኖሮ «አክስቴ ትቆጣሻለች?» አለችኝ።

«ትቆጣኝ ይሆናል።»

«ታዲያ እኔ ቀድሜ ልግባ» አለች። አይሆንም አልኳት። ቀድሜ የምገባው እኔ ነኝ።

አንድ ልመና አለኝ። አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ አትልፊ፤ ሰውም አትጥሪ። እቤት ሁኚና አንኳኩቼ ልግባ። መቆጣት ካማረሽ ተቆጪኝ፣ ለልጆቹ ብለሽ አትዋጪው። ከዚያ ልጆቹ ደጅ ሲጫወቱ እማዬ ክፍል ቁጭ ብለን፣ የታመመችበትን ጊዜ ከመጀመሪያው ቀን አንስተሽ ትነግሪኛለሽ። አላቋርጥሽም። በስልክ ሁልጊዜ «አይዞሽ» የምትዪኝ አንቺ ነሽ። አንቺን በዚያን ጊዜ አይዞሽ ያለሽ ሰው ይኑር አይኑር አንድ ቀን ጠይቄሽ አላውቅም። አሁን ልጠይቅሽ እየመጣሁ ነው።

ታናሽሽ